የጎረቤት እንክብልና የታምሬ ከንፈር

ታምሬ ልቡ ውስጥ ሽቦ አስገብቶ ከካርቱም የተመለሰ ሰሞን፣ ከሰፈሩ ሰው ግማሹ ሊጠይቀው፣ ግማሹ ደግሞ ሽቦው ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ ሊያዳምጥ መጣ። አንዲት አሮጊትማ ጆሯቸውን ከደረቱ ላይ ለጥፈው ቆይተው፣ «ይሰማል፤ አቀበት ላይ እንደ ደከመች ሪክሻ ነው የሚለው» ብለው ፈረዱ። ባጃጅን ሪክሻ በሚሉባት በሱዳኗ ገዳሪፍ ይኼ ነው የሚባል አቀበት የለም፤ ቢሆንም ማንም አልተከራከራቸውም።

ሚስቱ አሰጋሽ ግን በጆሮዋ የቀረው የካርቱሙ ሐኪም ቃል ብቻ ነበር። ሐኪሙ የጠበበውን የልብ ደም ሥር በፊኛ ከፍቶ፣ ተመልሶ እንዳይከደን ትንሽ የሽቦ ቱቦ ካቆመበት በኋላ ወደ ጎን ጠራትና፣ «ደም ሥሩ አሁን ተከፍቷል፤ ግን ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። እነዚህን ሁለት ኪኒኖች በየማለዳው ይዋጥ፤ አንድ ቀን እንዳያልፈው። ቶምባክ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አፉ እንዳይገባ» አላት።

ተመልሶ ሊጠብ ይችላል! ይችን ቃል ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ፣ በአውቶቡሱ መንገጫገጭ ሁሉ፣ እንቁላል እንደ ታቀፈ ሰው ይዛት መጣች። ልጆቹ አግብተው በየአገሩ ተበትነዋል፤ ከታምሬ ሌላ በቤቱ ውስጥ የሚያኮርፋትም የሚያስቃትም ሰው የለም።

ታምሬ ሰሊጥ ቀማሽ ነው። እህል ገበያ ላይ ጆንያው ተፈትቶ ሲቀርብለት እፍኝ ዘግኖ ያሸታል፣ ጥቂት ፍሬ በፊት ጥርሱ ይነክሳል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርዳል። «ንጹሕ ነው፤ ዝናብ አልነካውም» ካለ ሻጩ እጁን ይስመዋል። ዝም ካለ ሻጩ ጆንያውን አሥሮ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከመተማ ተሻግሮ ከመጣበት ከወጣትነቱ ጀምሮ ደግሞ ታችኛው ከንፈሩ ሥር ቶምባክ የሚሉትን እርጥብ ትምባሆ ሲወትፍ ስለኖረ፣ ከንፈሩ ኪስ አውጥቶ ነበር። ቶምባኩን ሲተው ያ ኪስ ተከራይ እንደ ለቀቀው ክፍል ባዶውን ቀረ። እስኪ ይህን ኪስ ልብ በሉት።

በዚያ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ሕመምተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም። ያመጣውንም አስቀምጦ አይወጣም፤ «ከእጄ ቅመስልኝ» ይላል። ሕመምተኛው ከእጁ ካልቀመሰ፣ ጠያቂው «ምን በድዬው ይሆን?» እያለ ወሩን ሙሉ ሲቆስል ይከርማል። ቀድሞ የሚመጣው ብርቱካን ነበር፣ ሾርባ ነበር፣ ማር ነበር። አሁን ግን የሰፈሩ ልጆች ጂዳና ዱባይ ገብተዋል፤ ልጆቹም ለወላጅ የሚልኩት ጠርሙስ ሆኗል።

መጀመሪያ ጠርሙስ ይዞ የገባው የአጥሩ ተጋሪ ሐጂ አብዱልናስር ነው። ከታምሬ ጋር ድንበሩን በአንድ ሎሪ ላይ፣ በአንድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የተሻገሩት።

«ሰላምታክ ያ ዙል፣ አላህ ይማርህ አንተ ሰው! ይኸው ቫይታሚን ኢ፤ ልጄ ከጂዳ የላከው። አንቲኦክሲደንት ነው የሚሉት። ደም ሥር ከብልሽት ይጠብቃል፤ እንዳይጠብ ያደርጋል ተብሏል። አፍህን ክፈት፣ ከእጄ ቅመስልኝ።»

«እስኪ መጀመሪያ ላሽትተው» አለ ታምሬ። እንክብሉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው፤ ወርቅማ ሆኖ አበራ። አሸተተው። «ዘይቱ ደህና ነው። ጭመቃው ግን የፋብሪካ ነው፤ በግመል የተጨመቀ አይደለም።»

«ዋጥ አንተ! ግዛ አልተባልክ!»

ዋጠ። አብዱልናስር ደስ ብሎት ወጣ፤ ወሬውም አብሮት ወጣ። በማግስቱ ቫይታሚን ሲ መጣ። ከዚያ የዓሣ ዘይት፣ ከዚያ የሮማን ነው የተባለ፣ ከዚያ የነጭ ሽንኩርት እንክብል። መስኮቱ ላይ ጠርሙሱ ተሰልፎ ፀሐይ ከለከለ። ከሾዋክ ድረስ አንድ ዘመድ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ማንም ያላመጣውን ጠርሙስ አምጥቻለሁ ብሎ ሲገባ፣ ያው ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያኮረፈው ማኩረፍ! ታምሬ ከሁለቱም አንዳንድ ውጦ ነው ያስታረቀው።

ታምሬ በነገሩ ኮራ። አሰጋሽ ግን አንድ ማለዳ ሁለቱን ኪኒኖች በመዳፏ ይዛ ስትመጣ፣ «ተይ እስኪ፣ ዛሬ ሆዴ ሞልቷል። ደግሞ እነዚህ ትንንሾች ናቸው፤ ከጂዳዎቹ አጠገብ ሲቆሙ ያፍራሉ» አላት። በግድ አዋጠችውና ነጠላዋን ጎትታ ወደ ዶክተር ሁዜይፋ ክሊኒክ ገሠገሠች።

ሁዜይፋ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። አባትና እናቱ ከጎንደር የመጡ፣ እሱ ግን እዚያው ገዳሪፍ ተወልዶ፣ ተምሮ ሐኪም የሆነ። ሲጣደፍ ዐረብኛው ይቀድመዋል።

«እማ አሰጋሽ፣ የአህያ ጀርባ ሲላጥ አይተው ያውቃሉ?»

«ከአህያ ጋር አይደል ያደግኩት! ምነው?»

«ቁስሉ ሲድን አንዳንዴ ልክ አያውቅም። ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ አልፎ ትርፍ ሥጋ ያበቅላል። ሽቦ የገባበት ደም ሥርም እንደዚያ ነው፤ ቁስል ነው። ልኩን አውቆ ከዳነ ደግ። ትርፍ ሥጋ ካበቀለ ግን መንገዱ ይጠባል።»

«ታዲያ ይኼ ጠርሙስ ሁሉ ትርፍ ሥጋውን አይከለክለውም?»

«ተስፋ ተደርጎበት ነበር። ወላሂ፣ ትልልቅ ሐኪሞች ቫይታሚኖቹን ለብዙ ሕመምተኛ ሰጥተው አይተዋል። ደም ሥሩን ከመጥበብ ያዳኑት ነገር የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር አይስማማም። ኻላስ፣ በቃ ይቅርበት። ሁለቱ ኪኒኖች ግን ሌላ ናቸው፤ ደሙ ሽቦው ላይ እንዳይረጋ ነው። እነሱ የተቋረጡ እንደሆነ...»

«አትጨርሰው!» አለች አሰጋሽ። «ይልቅ መጥተህ ይህንኑ ለጎረቤቶቼ ንገርልኝ።»

ሁዜይፋ ራሱን እያከከ ሳቀ። «እናቴ ራሷ ነገ ጠርሙስ ይዛ ልትጠይቃችሁ ነው። እሷን ማን ይንገርልኝ?»

አሰጋሽ ስትመለስ የተዘረጋን እጅ እንዴት አድርጋ እንደምትመልስ ስታወጣ ስታወርድ፣ መልሱ በአጥሩ በኩል መጣላት። የአብዱልናስር ሚስት ራሒማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት። ፊቷ ክው ብሏል።

«አንቺ፣ ልጄ ዩስራ ደውላ ምን አለችኝ መሰለሽ? የእንክብሉ ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነው የሚሠራው። ከአሳማም የሚሠራ አለ አለችኝ! ከምን እንደሆነ ካልተጻፈበት አይታወቅም። እኔ ለዚህ ሰውዬ እንዴት ብዬ ልንገረው? ሰፈሩን ሁሉ ሲያቃምስ ሰንብቶ!»

ራሒማ፣ አሰጋሽ ያለቀሰች መስሏት ቀና ብትል፣ እሷ ፈገግ ብላለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ቀናት ቀርተውት ነበር። ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ክንፈ ሄደች።

«አባ፣ ቆዳ በጾም ይበላል?»

«የምን ቆዳ? ጫማ ልትበዪ ነው?»

ነገሩን አስረዳቻቸው። አባ ክንፈ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ከከብት የሆነ በጾም አይበላም። መድኃኒት ከሆነ ግን ሕመምተኛ ነውና ይዋጥ፤ ጾም ሰው አይገድልም። ይኼ መድኃኒት ነው?»

«ሐኪሙ አይደለም ብሏል።»

«እንግዲያማ ምን ትጠይቂኛለሽ? አይበላም!»

ወሬ ረጅም ከሆነ ሩቅ አይሄድም። አሰጋሽም አሳጠረችው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በወፍጮ ቤቱ ወረፋ፣ በዳቦ ቤቱ ደጅ፣ «እንክብል ቆዳ ነው፤ በጾም አይበላም፤ አባ ክንፈ ብለዋል» አለች። የቀረውን፣ መድኃኒት ከሆነ ይዋጥ ያሉትን፣ ማን ይሰማኛል ብላ ተወችው። ለእስላሞቹ ራሒማ የራሷን ነገረች። አብዱልናስር ሲሰማ ጀላቢያውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ።

«ታምሬ፣ አንተ ወንድሜ፣ በእጄ አሳማ አጉርሼህ ይሆን እንዴ? አላህ ይቅር ይበለኝ!»

«አይዞህ፣ አሽትቼዋለሁ» አለ ታምሬ፤ «አሳማ አሳማ አይልም ነበር።»

ይበል እንጂ ፊቱ ጠቁሯል። ጠርሙሱ ሁሉ ከመስኮቱ ወረደ፤ ቤቱ ፀሐይ አገኘ። አሰጋሽ ያን ቀን ብቻዋን ስትስቅ ዋለች። እንዲህ ያለ ድል ያለ ጠብ፣ ያለ ኩርፊያ የት ይገኛል?

ጾሙ ገባ። በየማለዳው ሁለቱን ኪኒኖች ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ከተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ትሰጠዋለች፤ ታምሬ እንደ በግ ታዛዥ ሆኖ አፉ ውስጥ ይጨምራል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከዚያ ደግሞ፣ «እትፍ!»

አሰጋሽ ይህችን ድምፅ ታውቃታለች። ዕድሜ ልኳን የሰማቻት የቶምባክ ድምፅ ናት። ኪሱን ፈተሸች፤ የለም። ጀላቢያውን አሸተተች፤ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። ፍራሹን ገለበጠች። በመጨረሻ ቶምባክ ሻጩን ስንሻውን ሄዳ በአደባባይ አፋጠጠችው።

«አንተ ስንሻው፣ ለባሌ በስውር ትሸጥለታለህ አይደል?»

«እትዬ አሰጋሽ፣ እሱ ከተወ ወዲህ እኔም ሥራ ልለውጥ ነው! ግማሹ ገበያዬ የሱ ከንፈር አልነበር?»

በማግስቱ ሆን ብላ ጓሮው በር ላይ ቆመች። ታምሬ ውኃውን ጠጣ፣ አያት፣ ወደ ግራ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ፣ ከዚያ ከንፈሩን ገጥሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ገበያ ወጣ። ታምሬ ደኅና ዋይ ሳይል የወጣበት ቀን አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ሪክሻ አቧራውን እያቦነነ ደጃቸው ቆመ። ሾፌሩ፣ «ያ ሐጃ፣ እማማ፣ ነዪ ቶሎ፣ አጎቴ ታምሬ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ አልነሣም ብሏል» አላት።

ስትደርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘችው። «ምንም አይደለም» አለ ከንፈሩን ሳይከፍት፤ «የሰሊጥ አቧራ ነው።» ሁለት ሸክም አውራጆች ደግፈው ሪክሻው ላይ አወጡት። አሰጋሽ ከፍርሃቷ ቁጣዋ ቀደመ።

«ቶምባክ ጀምረሃል!»

«በማርያም አልጀመርኩም።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ትተፋለህ?»

«ሰው በጓሮው መትፋት ተከለከለ?»

አገጩን ይዛ ታችኛውን ከንፈሩን ገለበጠችው። እዚያ፣ ያ ባዶ የቀረ ኪስ ውስጥ፣ ግማሹ የሟሟ ሮዝ ኪኒን ከሁለተኛው ቅሪት ጋር ተጋድሟል።

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየና፣ «ጥርስ ነው እንዴ ያመመው?» አለ።

አሰጋሽ ኪኒኑን አየች፣ ባሏን አየች። ታምሬ እንደ ልጅ አቀረቀረ።

«አንቺ አይደለሽ ቆዳ ነው ያልሽው? እንክብሉ ቆዳ ከሆነ ኪኒኑ ከምን እንደሆነ ማን አይቶ? ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ፣ አሁን ከሽቦ ጋር ወደ መቃብር አፋፍ ስቀርብ ልገድፍ? ልንገርሽ ብዬ ነበር። ግን ኪኒኑን ስትሰጪኝ ዓይንሽን አየዋለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ከንፈሬ ሥር አደረግሁት።»

አሰጋሽ ያሳጠረቻት ወሬ ናት ዞራ ዞራ በገዛ ቤቷ የገባችው። «አባ ክንፈ መድኃኒትን ይዋጥ ብለዋል» አለችው፤ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። የኔን ምላስ ቆርጠህ ጣል፤ ኪኒኑን ግን ዋጥ።»

ሁዜይፋ ክሊኒኩ ውስጥ የልቡን ምት በወረቀት አውጥቶ ደጋግሞ አየው። ኪኒኖቹን በገዛ እጁ አዋጠው፤ አፉንም በባትሪ መረመረ። «ደም ረግቶም እንደሆነ፣ ደም ሥሩ ጠቦም እንደሆነ እዚህ አይታይም። ዛሬውኑ ካርቱም» አለና መኪና አስጠራ።

ወሬው አባ ክንፈ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ መኪናው ሳይነሣ በትራቸውን እየወዘወዙ ደረሱ። ታምሬ ሊሳለም ጎንበስ ቢል መስቀሉን ያዝ አደረጉበት።

«ንስሐህን ስማ። ስግደት አይደለም፤ ለዚያ ልብ የለህም። ንስሐህ መዋጥ ነው። በየማለዳው፣ በሰው ፊት፣ ከንፈርህን ገልብጠህ እያሳየህ!»

«በሰው ፊት አባ? አያሳፍርም?»

«ጾም ነው ሲደበቅ የሚያምረው። ኪኒን ሲደበቅ ምኑ ያምራል?» ካሉ በኋላ መስቀሉን አሳለሙት። ወደ አሰጋሽ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺ ሴት፣ ሁለተኛ የኔን ቃል ይዘሽ ስትሄጂ ሙሉውን ተሸክመሽ ሂጂ። ከከበደሽ ተዪው» አሏት። አንገቷን ደፋች።

ካርቱም ላይ ሐኪሙ እንደ ፊተኛው በደም ሥሩ በኩል ቀጭን ቱቦ ሰዶ ሊያይ ገባ። አሰጋሽ መተላለፊያው ላይ የታምሬን ጀላቢያ ታቅፋ ተቀመጠች። ጀላቢያው ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። አፍንጫዋን ቀብራ፣ «እመ ብርሃን፣ ይትፋ፤ ደጄ ላይ እንዳሻው ይትፋ፤ ብቻ ተመልሶ ይምጣልኝ» አለች።

ሐኪሙ ሲወጣ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ነው። አልጠቆረም።

«ደም አልረጋም» አላት። «ሽቦው የቆመበት ቦታ ጥቂት ሥጋ ለብሷል፤ ያስጨነቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ሌላ ሽቦ አያሻውም። በመድኃኒት እንይዘዋለን።»

«የዋጠው ቫይታሚን ነው የያዘለት? ወይስ ጾሙ?»

«የገዛ ሰውነቱ ነው ልኩን ያወቀለት። ኪኒኖቹን እየተፋ ደም አለመርጋቱ ግን ዕድል ነው። እሱ ነጋዴ አይደል? ንገሪው፣ በዕድል ሁለቴ አይነገድም።»

ይህን ሙሉውን ተሸክማ ለታምሬ አደረሰችለት፤ አንዲት ቃል አልጎደለባትም። ታምሬ ጋደም እንዳለ፣ «የነጋዴ ሐኪም ነው» አለ።

ገዳሪፍ በተመለሱ ማግስት ፀሐይ ሳይከር የአጥሩ በር ተንኳኳ። ሐጂ አብዱልናስር ነው። ፊቱ በርቷል፤ ከጀላቢያው ኪስ አንድ አዲስ ጠርሙስ አወጣ።

«ሹፊ አሰጋሽ፣ ተመልከቺ! ይኼኛው ልባሱ ከዕፅ ነው፤ ተጽፎበታል! ሐላልም ነው፣ ጾምም ነው፤ ቄሱንም ሸኹንም ያስታርቃል። ታምሬ፣ አፍህን ክፈት፣ ከእጄ ቅመስልኝ።»

ታምሬ ሚስቱን አየ። አሰጋሽ ጠርሙሱን አየች። ያ ሁሉ ድካሟ፣ ቆዳው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የአባ ክንፈ ቁጣ፣ በአንድ ጠርሙስ ምክንያት ውኃ ሲበላው ታያት። በአጥሩ ቀዳዳ ብታይ ደግሞ ከሐጂ ኋላ የሁዜይፋ እናት ነጠላዋን አስተካክላ እየመጣች ነው፤ እጇን ከነጠላው ሥር ደብቃለች። ምን እንደያዘች ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ያን ጊዜ ነው አሰጋሽ መዳፏን የዘረጋችው። ሁለቱ ኪኒኖች ተቀምጠውበታል።

«ሐጂ፣ ጠርሙስዎን ያቆዩልኝ። ሐኪሙ አይረባውም ብሏል፤ የመጣበትን ፍቅር ግን ተቀብያለሁ። ከእጅዎ እንዲቀምስ የምሻው ይህን ነው። ከኔ እጅ ሰርቆ ይተፋል። የእርስዎን እጅ ግን በየት በኩል ደፍሮ?»

አብዱልናስር ኪኒኖቹን አየ። ትንንሽ ናቸው። ጠርሙሱን መልሶ ኪሱ ከተተና ቢስሚላህ ብሎ ኪኒኖቹን በሁለት ጣቱ አነሣ፤ ልክ ሠርግ ላይ እንደሚያጎርስ ሰው።

«ከእጄ ቅመስልኝ፣ ወንድሜ።»

ታምሬ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ጆንያ ላይ ድንበር ተሻግሯል። አፉን ከፈተ፣ ውኃውን ጠጣ፣ ዋጠ።

ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ሰፈሩ ተራ ገባ። የቀደመ ያጎርሳል፤ የዘገየ ያኮርፋል። የሁዜይፋ እናት ሁለት ማለዳ ተቀድማ በሦስተኛው ከዶሮ በፊት መጥታ በሩን ያዘች። ስንሻው ቶምባክ ሻጩ እንኳ እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣ፤ እሱ ሲያጎርስ ግን ሰው ሁሉ ጣቱን አሽትቶ ነው ያሳለፈው። ጠርሙሱም ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ፤ የሚያጎርሱት ካገኙ ምን ያደርግላቸዋል?

ለነገሩ ያን የመጀመሪያውን ማለዳ አልጨረስነውም። ታምሬ ውጦ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ «ተመስገን» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ አብዱልናስር ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ከንፈር!»

«ምን?»

«አባ ክንፈ ያሉትን ሰምቻለሁ። ገልብጥ!»

ታምሬ እያጉረመረመ ታችኛውን ከንፈሩን ገለበጠ። አብዱልናስር መነጽሩን አድርጎ፣ በተፈታ ጆንያ አፍ ላይ እንዳለ ሰው ጎንበስ ብሎ ግራ ቀኙን መረመረ። ከዚያ ቀና አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ በታምሬ ድምፅ፣ በታምሬ አነጋገር ፈረደ።

«ንጹሕ ነው፤ ዝናብ አልነካውም።»